በሰባት ሰዓት የተመታው ታንክ

እንጀራ የምበላው ሰዓት በማስታረቅ ነው። ፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ በአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ስልክ አነሳለሁ፣ ቀጠሮ እይዛለሁ። ከሚደውሉት ግማሾቹ ያገሬ ሰዎች ናቸው፤ «ነገ በሦስት ሰዓት እመጣለሁ» ሲሉኝ «በአበሻ ነው በፈረንጅ?» ሳልል ስልክ አልዘጋም። አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ ቀረሁና አንዲት እናት ጠዋት በሦስት ሰዓት ከች አሉ። እኔ ኮምፒዩተሩ ላይ የመዘገብኩላቸው በፈረንጅ ሦስት፣ ማለትም ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ስድስት ሰዓት ሙሉ ጉንጫቸውን ይዘው ተቀምጠው እያፈራረቁ ሲመርቁኝና ሲረግሙኝ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ በሰዓት ጉዳይ የሚያክለኝ የለም እያልኩ ስኩራራ ኖርኩ። ኩራቴን ያፈረሰው የጀርመን ታንክ ነው።

የባለቤቴ አባት አስፐን ሂል በሚባል ሰፈር ከእኛ ጋር ይኖራሉ። እኔ «አባባ» እላቸዋለሁ። በወታደርነት ዘመናቸው የታንክ መካኒክ ነበሩ። ማዕረጋቸው ሃምሳ አለቃ ስለነበር የድሮ ጓደኞቻቸው እስከ ዛሬ በዚሁ ይጠሯቸዋል። እጃቸው ሥራ መፍታት አይሆንለትም። እኛ ቤት የገቡ ሰሞን መጀመሪያ የልብስ ማጠቢያውን ፈቱት፣ ቀጥሎ የሣር ማጨጃውን፣ ቀጥሎ ምንም ያልነበረበትን የምድጃ በር። ባለቤቴ «ተያቸው፣ ይዝናኑበት» ይላል። እኔ ግን መተው የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። «አባባ፣ ደህናው ምድጃ ምን አደረገዎት!» ብዬ ጮህኩና በማግስቱ ጋዜጣ ሲያገላብጡ ይዋሉልኝ ብዬ ሰፈራችን ያለው ቤተ መጻሕፍት አደረስኳቸው።

ማታ ልወስዳቸው ስመለስ ጡብ የሚያክል መጽሐፍ ታቅፈው ጠበቁኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የነበረ የአንድ የጀርመን ብረት ለበስ ክፍለ ጦር ታሪክ ነው። ሽፋኑ ላይ ደረቱ ሙሉ ኒሻን የሆነ ጄኔራል ቆሟል። አባባ ጄኔራሉን ከቁም ነገርም አልቆጠሩት። መሃል ገጽ ላይ አንድ ፎቶ አሳዩኝ፤ ጭቃ የዋጠው ታንክ ነው፣ ከሥሩ አራት እግሮች ወጥተዋል። ሁለት ሰዎች በጀርባቸው ተኝተው ይሠራሉ፣ ፊታቸው አይታይም።

«እነዚህን እግሮች አውቃቸዋለሁ» አሉኝ።

«አባባ፣ ጀርመኖች እኮ ናቸው።»

«ከታንክ ሥር የተኛ ሰው ሁሉ አገሩ አንድ ነው፤ ጭቃ።»

መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ፈተሹት። ጄኔራሎቹ በየገጹ አሉ። ታንኮቹ ወንዝ ይሻገራሉ፣ ከተማ ይይዛሉ፣ ይመታሉ፣ በማግስቱ ደግሞ እንደገና ይዋጋሉ። ማን ጠግኖ እንደመለሳቸው ግን ከሦስት አራት መስመር በላይ የሚናገር የለም። አባባ በዚህ ተናደዱ፤ ሲናደዱም ደስ ይላቸዋል። ሌላ መጽሐፍ ተዋሱ፣ ደግሞ ሌላ። ከዚያ ቢጫ ባለመስመር ወረቀት ግዢልኝ አሉና የዚያን ክፍለ ጦር ታሪክ ከጠጋኞቹ ወገን ሆነው፣ በአማርኛ፣ በእርሳስ መጻፍ ጀመሩ።

ሁለት ዓመት ጻፉ። እንግሊዝኛቸው ከመለዋወጫ ስም ብዙም ስለማያልፍ ነገሩ የእኔንም ሥራ ነካ። ሰው መስመር ላይ እያስጠበቅሁ ሳለ ኮል ያደርጉልኛል።

«ስፕሮኬት ማለት ምንድን ነው?»

«አባባ፣ ሥራ ላይ ነኝ እኮ! በሽተኛ ሆልድ አድርጌ ነው።»

«የሰው ጥርስ ይቆያል። እኔ የታንክ ጥርስ ላይ ነኝ ያለሁት።»

እውነታቸውን ነበር። ስፕሮኬት ለካ የታንኩን ሰንሰለት የሚያሽከረክረው ባለጥርስ ጎማ ኖሯል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ፣ አንድም ቀን ታንክ ሳልነካ፣ የሩሲያ ጭቃ ሲጣበቅበት ሰንሰለት እንዴት እንደሚወልቅ፣ በብርድ የረጋ ዘይት ከሞተሩ ሥር እሳት እየነደደ እንዴት እንደሚፈታ፣ የተመታ ታንክ ጠላት ሳያይ ተጎትቶ እንዴት እንደሚወጣ አወቅሁ። ሥራ ቦታ ሻይ ስንጠጣ ይህንኑ እተርክላቸው ጀመር። የጥርስ ሐኪሙ ለባሌ አዘነለት መሰለኝ።

አንድ ነገር ግን ውስጤን ይበላኝ ነበርና አንድ ቀን አፈረጥኩት። «አባባ፣ እነዚህ ሰዎች ለማን እንደተዋጉ ይታወቃል። መንደር አቃጥለዋል፣ ሕዝብ ፈጅተዋል። ምን ብለው ነው የሚያደንቋቸው?» አልኳቸው። ሦስት ቀን ወረቀቱን ሳይነኩ ከረሙና በአራተኛው ቀን አንድ ምዕራፍ አስነበቡኝ። «ጥገናቸው ያማረ ነበር። ጠዋት የጠገኑት ታንክ ማታ መንደር አቃጠለ። እጃቸውን አደንቃለሁ፣ የሄዱበትን መንገድ እረግማለሁ። እኔም ታንክ ጠግኜአለሁ፤ ከእጄ ሲወጣ ወዴት እንደሄደ አልጠየቅሁም» ይላል። ከዚያ በኋላ ስለ ጀርመኖቹ አልተከራከርኳቸውም።

ጽፈው ሲጨርሱ መተየቡ በእኔ ላይ ወደቀ። ምሳ ሰዓቴን እየቆረስኩ፣ እዚያው ሐኪም ቤት ኮምፒዩተር ላይ፣ በቀጠሮና በቀጠሮ መሃል እተይባለሁ። ወደ መጨረሻው ስቃረብ አንድ ቦታ ደረስኩ። አንድ ጀርመናዊ መካኒክ «ገና አልደረሰም» ያለውን ታንክ አንድ መኮንን በግድ ያስወጣዋል። አባባ እዚህ ላይ ጀርመኖቹን ባሉበት አቁመው ስለራሳቸው አንድ ገጽ ጽፈዋል። ወጣት መካኒክ ሳሉ ነው። የአንድ ታንክ ፍሪሲዮን፣ ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘው፣ ገና አልተስተካከለም፤ «አንድ ቀን ይቀረዋል» ይላሉ። አለቃቸው ሻምበሉ «ዛሬ ለውጊያ ይወጣል» ይላሉ። አባባ ፈርመው ይለቁታል፣ ታንኩ ይወጣል፣ መንገድ ላይ ይቆማል። ውስጡ የነበሩት አራት ልጆች አልተመለሱም።

ገጹን ተይቤ ስጨርስ ፊቴ በእንባ ርሷል። ሊያስነቅል የመጣ ሰውዬ አይቶኝ ሊመለስ ምንም አልቀረው። ቤት ስገባ ጠየቅኳቸው።

«ሻምበሉ ማን ናቸው?»

«ኮሎኔሉ ናቸዋ፤ ያኔ ሻምበል ነበሩ።»

ኮሎኔሉን አውቃቸዋለሁ። አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖሩት። ጡረተኞቹ ታንከኞች በየዓመቱ የሚሰበሰቡት እሳቸው ዘንድ ነው። በሠርግም በለቅሶም ከአባባ ጋር ሲገናኙ ትከሻ ለትከሻ ይሳሳማሉ።

«ታዲያ ፊት ለፊት አይነግሯቸውም?»

«ሃምሳ አለቃ ለኮሎኔል ምን ብሎ ይጀምራል? ሠርግ ላይ አይወራ፣ ለቅሶ ላይ አይወራ። መጽሐፍ ከሆነ ግን ያነቡታል። ልወቅሳቸው አይደለም። እኔም ፈርሜአለሁ። ግን አንድ ቀን ይቀረዋል ማለቴን ከእኔ ሌላ የሚያስታውስ ሰው እንዳለ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ኮሎኔሉ ደግሞ በዚያው ወር መጨረሻ ጠቅልለው አገር ሊገቡ ነው። የዚያ ዓመት ስብሰባ መሸኛቸውም ነበር። መጽሐፉ ለዚያ ቀን መድረስ አለበት። ቢደርስስ ያነቡታል ወይ? ኮሎኔሉ ስለ ጦርነት የተጻፈ ነገር አይቀራቸውም ይባላል፤ ነገር ግን የሚያነቡት የጄኔራሎችን ነው። ስለ ቡሎንና ስለ ቅባት የተጻፈ መጽሐፍ ተቀብለው፣ አመስግነው፣ ሻንጣ ውስጥ ከተው ቢሄዱስ? አባባ ይህን አልተናገሩም፤ ሌሊት ሲገላበጡ ግን በግድግዳው በኩል እሰማቸው ነበር።

እኔም ቸኮልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? አባባ የጀርመኖቹን ሰዓት ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ ላይ አንድ በአንድ በጣታቸው እየቆጠሩ ወደ እኛ ሰዓት ቀይረውት ኖሯል። ይህን አልነገሩኝም። እኔም ለማላውቀው ደንበኛ ሁሉ የምጠይቀውን ጥያቄ ለእሳቸው አልጠየቅኳቸውም። ጠዋቱን ሙሉ በፈረንጅ ሰዓት ቀጠሮ ስሞላ የዋለ ጭንቅላት ይዤ «በ11፡30 ጎህ ሲቀድ ተነሡ» የሚል አነባለሁ። ምነው፣ ጎህ በዐሥራ አንድ ተኩል ይቀዳል እንዴ? እርጅና ነው እላለሁ፣ 5፡30 ብዬ አርማለሁ። ዓይኔን ያልቆረቆረኝን አልፋለሁ፣ የቆረቆረኝን አስተካክላለሁ። ሳልነግራቸው ማረሜን እንደ ደግነት ቆጠርኩት! ሀያትስቪል ያለ ማተሚያ ቤት ስልሳ ቅጂ አተመልን። አባባ ካርቶኑን ዳሰሱት እንጂ አልከፈቱትም። መጀመሪያ የሚያዩት ከጓደኞቻቸው ጋር እንዲሆን ፈለጉ።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ጊዜው ከቀትር በኋላ ነበር። ኮሎኔሉ በሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት ያለው የግብዣ አዳራሽ በሽማግሌ ተሞልቷል። ነጂ የነበረ፣ ተኳሽ የነበረ፣ ሬዲዮ የያዘ። ዛሬ አንዱ ከፓርኪንግ ሥራ ጡረታ ወጥቷል፣ አንዱ ዊተን ላይ ሱቅ አለው፣ አንዱ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኗል። ሳምቡሳውና ለስላሳው ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። አባባ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ክራቫታቸውን እኔ አስሬላቸዋለሁ። ኮሎኔሉ ተነሡና «ሃምሳ አለቃችን ቡሎን ትቶ ብዕር ጨብጧል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! እስቲ አንብብልን» አሉ። ሁሉም ሳቁ። የክፋት ሳቅ አይደለም፤ እኔን ግን ደሜን አፈላው።

አባባ መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ድምፃቸው እየጠና ሄደ። ጭቃው መጣ፣ ብርዱ መጣ፣ አዳራሹ ጸጥ አለ። ገና ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ እንዲህ የሚል አነበቡ፦

«ታንኩ በሰባት ሰዓት ተመታ። ነጂው ቆስሎ ወጣ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ በአራት ሰዓት፣ ጠጋኞቹ ደረሱለት።»

ቆሙ። ደግመው አዩት። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው አሳለው።

«ሃምሳ አለቃ፣» አሉ ኮሎኔሉ፣ «እነዚህ ጀርመኖች ታንኩ ሳይመታ ነው የሚጠግኑት? ትንቢትም ነበራቸው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አባባ ገጹን ገለጡ፣ ሌላ ገጽ ገለጡ፣ ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ገባቸው። እኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እሳቸው በዐሥር ሰዓት ብለው የጻፉትን፣ ፀሐይ በዐሥር አትዘቀዝቅም ብዬ አራት ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሰባቱን ግን ስላልቆረቆረኝ እንዳለ ትቼዋለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ይቅርታ፣» አሉ አባባ ለአዳራሹ፣ «ስህተቱ የኔ ነው። ጸሐፊው እኔ ነኝ።»

እኔ በሕይወቴ ጥፋቴን አምኜ አላውቅም፤ ባለቤቴ ይመስክር። ያን ለት ግን እግሬ ብቻውን ተነሣ። «ውሸታቸውን ነው!» አልኩ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሰዓቱን በፈረንጅ አደረግሁት። ጎህ በዐሥራ አንድ ተኩል ይቀዳል ብሎ ማን ያምናል?»

«አገራችን በሙሉ!» አለ አንዱ ከኋላ።

እንደዚያ ሲሳቅ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ከዘራ ወደቀ። የሱቁ ባለቤት እንባቸውን በናፕኪን ጠረጉ። እኔም ቆሜ ሳልወድ በግድ ሳቅሁ። አባባ ግን አልሳቁም። ኮታቸውን አወለቁ፣ ወንበር ላይ ሰቀሉት፣ እጅጌያቸውን ጠቀለሉ። ምድጃዬን ሊፈቱ ሲሉ የሚያሳዩትን ፊት አየሁባቸው።

«የእጅ ጽሑፉ አስፐን ሂል ቀርቷል» አሉ። «ሰዓቱን ከዐረፍተ ነገሩ ነው የምናገኘው። እያንዳንዱን ማንበብ ይጠይቃል። እስኪሪብቶ ያለው ያውጣ። በአራት በአራት ተቀመጡ፣ እንደ ታንካችሁ!»

ትእዛዝ ነበር፣ ታዘዙም። ወዲያው ጠረጴዛ ተጎተተ። አዛዥ የነበረው ጮክ ብሎ ያነባል፣ ጥይት አጉራሹ ገጽ ይገልጣል፣ ተኳሹ ይሰርዝና ይጽፋል፣ ነጂው የታረመውን ያሳልፋል። ኮሎኔሉ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ መጻፍ አይችሉም። ስለዚህ አባባ «እርስዎ ያንብቡና ሰዓቱን ለሁሉም ይጥሩ» ብለው መሃል አስቀመጧቸው። እኔ እስኪሪብቶ አዳይ ሆንኩ፤ ተገቢዬም ነበር።

ከዚያ የነበረውን ጫጫታ ምን ብዬ ልንገራችሁ! በየመስመሩ ክርክር ነው። «በሩሲያ ክረምት ስንት ሰዓት ይመሻል?» ይላል አንዱ ጠረጴዛ። «ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል! እኔ እዚያ ስሠለጥን ሁለት ክረምት ተንቀጥቅጫለሁ» ይላል ሌላው። «አንተማ የመጠለያህን ሙቀት ሳትለቅ ነው የተመረቅከው!» ሰንሰለት ስለ መቀጠል ያለውን ሲያነቡ ሁለት ነጂዎች ተነሥተው ወለሉ ላይ በከዘራ አሳዩ። ዘይቱን በእሳት ስለ መፍታት ሲያነቡ «እኛ ደግሞ በሙቀት የፈላውን ስናበርድ!» ብለው ሌላ ወሬ ጀመሩ። አባባ በየጠረጴዛው እየዞሩ «ወሬውን ትታችሁ ቀጥሉ» ይላሉ፤ ፊታቸው ግን በራ። እንደዚያ ሲያበራ አይቼው አላውቅም። መጽሐፉ ደህና ታትሞ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ቅጂ ይዞ ይሄድ፣ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠውና ያልቅ ነበር። አሁን ግን ሃያ ሁለት ሰው እያንዳንዷን መስመር በጣቱ እየተከተለ ያነባል። ይህን ሳስብ አዳራሹን በእልልታ ላቀልጠው ቃጣኝ። ለራሴ ይቅርታ ማድረግ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ወደ ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ በአበሻ ነው፣ ኮሎኔሉ ያን ገጽ ገለጡ።

አባባ አጠገባቸው ቆመው ነበር። ኮሎኔሉ እንደሌላው ገጽ ሁሉ ጮክ ብለው ጀመሩ፤ «ፍሪሲዮኑ ገና አልተስተካከለም...» ድምፃቸው ቀነሰ፣ ከንፈራቸው ብቻ ሲንቀሳቀስ ቆየ፣ በመጨረሻ እሱም ቆመ። በየጠረጴዛው እስኪሪብቶ ተነሥቶ ይጠብቃል። ያን ገጽ ስተይብ እያለቀስኩ ስለነበር ሰዓቱ አልታየኝም፣ አልነካሁትምም።

«ኮሎኔል፣ ስንት እንበለው?» አለ አንዱ ትዕግሥት ያጣ።

«አትንኩት» አሉ። «ልክ ነው። ጠዋት በዐሥራ ሁለት ሰዓት ነው የወጡት።»

ኮሎኔሉ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንድ ቀን ይቀረዋል ብሎኝ ነበር» አሉ። ከዚያ ቀና አሉና ወደ አባባ ሳይሆን ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ ደገሙት። «ብሎኝ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

አባባ ወንበር ሳቡና ጎናቸው ተቀመጡ። ከተነሡ ጀምሮ አልተቀመጡም ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ የሌላውን እጅ ሳይዝ፣ ትከሻና ትከሻቸው ተነካክቶ፣ ገጹን አብረው አዩት። እኔ ናፕኪን ፍለጋ ወደ ሳምቡሳው ጠረጴዛ ሄድኩ።

ስመለስ ኮሎኔሉ መነጽራቸውን መልሰው አድርገዋል። «ቀጥሎ ማን ነው ያለው?» ብለው ጠየቁ።

«ጀርመኖቹ» አሉ አባባ። «ጭቃ ውስጥ ትተናቸው ነው የመጣነው።»

«እንግዲያስ እናውጣቸው» አሉ ኮሎኔሉ፣ ገጹንም ገለጡ።